ሽታ የሌለው ሳሙና

ጥቅምት 6

ፋኖስ ሳሙና ዛሬ ጽጌረዳ ጽጌረዳ ሸተተ።

መጀመሪያ የሸተተኝ እጄ መሰለኝ። ቀጥሎ ፎጣው። አዲሱን እሽግ ከፍቼ አንዱን አወጣሁና አፍንጫዬ ላይ ለጠፍኩት። እሱ ነው። ማኅተሙ ያው ፋኖስ፣ ቅርጹ ያው አራት ማዕዘን፤ ቀለሙ ብቻ ነጣ ብሏል። ናብሉስ ተወልጄ፣ በዚህ ሳሙና ታጥቤ አድጌ፣ ሽታ አለው ሲባል ሰምቼ አላውቅም። የወይራ ዘይት፣ ውሃ፣ ሶዳ፤ አለቀ። ጨቅላ ሕፃን የሚታጠብበት፣ ሐጅ የሚሄድ ሰው ሻንጣው ውስጥ የሚከተው፣ ባሏ የሞተባት ሴት ዒዳዋ እስኪያልቅ የምትታጠብበት ነው። የሚወደደው ምንም ስለማይሸት ነበር።

እኔ ዒዳ ላይ ነኝ። ባሌ ሹክሪ ከሞተ ገና ወሩ ነው። አራት ወር ከአስር ቀን ኩል የለም፣ ሂና የለም፣ ወርቅ የለም፣ ሽቶ የለም።

የሹክሪ ወንድም ሚስት ኡም ፊራስ ከታች ፎቅ የምስር ሾርባ ይዛልኝ መጣች። ሳህኑን አስቀምጣ ቆመች። አየሩን ሁለቴ አሸተተች።

«እንግዳ ነበረሽ እንዴ?»

«የለም።»

«እ።»

የትናንቱን ሳህን እንኳ ሳትወስድ ወረደች።

ጥቅምት 7

ሱቅ ሄድኩ። በቀን ለጉዳይ መውጣት ይፈቀዳል። ባለሱቁ ሐጅ ዋጂህ፣ ሐጅ ሳያደርግ ለዕድሜው ሲባል ሐጅ የምንለው፣ ገና ከሩቅ ሲያየኝ ሁለት እጁን አነሳ።

«ሳሙና ከሆነ እኔ አልሠራሁትም!»

«አሮጌው አልቀረም?»

«ሲት ኢንሳፍ፣ ከጠዋት ጀምሮ ስሰደብ ነው የዋልኩት። የሕዝብ መታጠቢያ ቤቱ ሰውዬ መጥቶ ምን ይለኛል? ‹ደንበኞቼ ታጥበው ቤታቸው ሲገቡ ሚስቶቻቸው የት አምሽተህ ነው ይሏቸዋል፤ የሰው ትዳር ላፍርስልህ?› አንዷ አሮጊት ደግሞ ወረወረችብኝ። ይኸው ግንባሬ!»

ግንባሩ ላይ ምንም አልነበረም።

«ለምን ቀየሩት?»

«የባለቤቱ ልጅ ውጭ ተምሮ መጣ። የባሕረ ሰላጤ ሰው ሽታ ይወዳል አለ። እኛ አንወድም ብሎ ማን ይንገረው? እኛ የትም አንሄድም። የትም የማይሄድ ደንበኛ ደግሞ ማን ይፈራል።»

ልጆቹን ስፌት ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ፤ ለዚያ ነው እስከዛሬ እንደ መምህርት ሲት ኢንሳፍ የሚለኝ። ካገኘሁ አስቀምጥልሻለሁ አለኝ።

ቤት ስገባ እጄን ታጠብኩ። የሱቅ በር ነክቼ ስለነበር።

ጥቅምት 9፣ ማታ

እንቅልፍ እምቢ አለ።

ቤቱ በአማቴ ስም ነው። አማቴ ከሞቱ ቆይቷል፤ ማንም አላካፈለም። የሹክሪ ወንድም አቡ ፊራስ ከነቤተሰቡ ታች፣ እኔና ሹክሪ ላይ። ልጅ አልወለድንም። ከቀብር ሲመለሱ አቡ ፊራስ ደረጃው ላይ ቆሞ፣ «ዒዳሽን በክብር ፈጽሚ፤ ቤትሽ ነው። ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን» አለኝ። ያኔ ደግነት መስሎኝ ነበር። አሁን «በክብር» የምትለውን ቃል ደጋግሜ እያነሳሁ አያታለሁ።

ሹክሪ ራሱን ያመው ነበር። ሽታ ይቀሰቅስበታል። ስለዚህ ቤታችን ሽታ አልነበረውም። ሽንኩርት የማቁላላው እሱ ሥራ ሲሄድ ነው፤ ሲመለስ መስኮቱ ሁሉ ተከፋፍቶ ይጠብቀዋል። አንድ የዒድ ሰሞን ለጣፋጭ ብዬ የጽጌረዳ ውሃ ገዛሁ። ጠርሙሱን ከእጄ ተቀብሎ ቀስ ብሎ ገንዳው ውስጥ አንቆረቆረው። አልተቆጣም። ሹክሪ ተቆጥቶ አያውቅም። ከዚያ ቧንቧውን ከፍቶ ረጅም ሰዓት ውሃ ለቀቀበት።

ጥሩ ሰው ነበር። ሁሉም ይላል።

ለቅሶው ላይ አላለቀስኩም። ኡም ፊራስ ለሁለታችንም አለቀሰች። ሴቶቹ ያዩኝ እንደሆነ አላውቅም። ማየታቸው አይቀርም።

ጥቅምት 14

አቡ ፊራስ ሼኹን ጠይቆ መጣ። እኔ ጠይቅልኝ አላልኩትም። ደረጃው መሃል ላይ ቆሞ ነው የነገረኝ፤ ዒዳ ላይ ያለች ሴት ቤት አይገባም።

«ሌላ ሳሙና ካገኘች ትተወው ብለዋል።»

«ካላገኘሁስ?»

«ፈልጊያ።»

ከሰዓት ሐጅ ዋጂህ ጋ ሄድኩ። እሱም ሼኹ ሲናገሩ መስጊድ ነበር። ሼኹ ያሉት፣ «ካገኘች ትተወው፤ ካጣች ግን ለንጽሕና እስከሆነ ድረስ አላህ ልብን ያያል» ነው አለኝ። አቡ ፊራስ ግማሹን ደረጃው ላይ ጥሎታል ማለት ነው።

ጥቅምት 20

ወደ ወይራው የሚወስደው የኬላ መንገድ ይከፈታል አይከፈትም ሲባል ሰንብቶ ዛሬ ተከፈተ። ሁሉም ለወይራ ለቀማ ወጡ። መሰላል፣ ሸራ፣ የሻይ ማንቆርቆሪያ፣ የጎረቤት ልጆች። በየዓመቱ እሄድ ነበር። ታችኛውን ቅርንጫፍ ለእኔ ይተዉልኛል፤ እጅሽ ቀላል ነው፣ ፍሬውን አያቆስልም ይሉኛል። ዘንድሮ ማንም ምንም አላለኝም። ከመስኮት ቆሜ ሲጭኑ አየሁ። ኡም ፊራስ ቀና ብላ አየችኝና ለልጇ አንድ ነገር ነገረችው። ልጁ ቀና አላለም።

ቀኑን ሙሉ የተናገርኩት ቃል ቢኖር ጋዝ ሻጩን «ዛሬ አልፈልግም» ያልኩት ነው።

አንሶላ አጠብኩ። ንጹሕ ነበር። ጸጉሬንም ታጠብኩ። ባለፈው ሳምንትም ታጥቤው ነበር። ሽታው ወደ ታች እንዳይወርድ መስኮት ዘግቼ አደረቅኩት። ታች ግን ሰው አልነበረም።

ኅዳር 3

ሐጅ ዋጂህ ቃሉን ጠበቀ። አንድ አሮጌ ፋኖስ በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጠኝ።

«ከቤቴ ነው። ሚስቴ ለሐጃችን ብላ ያስቀመጠችው። ዘንድሮም የምንሄድ አይመስለኝም።»

«ሐጂዬ፣ ይሄን እንዴት እቀበላለሁ?»

«በእጅሽ ተቀበይ! አንቺ ታጠቢበት፣ እኛ ስንሄድ ለኛ ዱዓ ታደርጊልናለሽ።»

ደርቆ እንደ ድንጋይ ሆኗል። ቀለሙ ማር። አሸተትኩት፤ ምንም የለውም። ልክ እንደ ድሮው። ቁምሳጥኑ ውስጥ፣ ከሹክሪ የክረምት ልብሶች ሥር አስቀመጥኩት። አንድ ብቻ ስለሆነ ቶሎ ያልቃል። ለክፉ ቀን ይሁን። እስከዚያው ባለው እጠቀማለሁ።

ኅዳር 5

ነገ እጀምረዋለሁ።

ኅዳር 11

ዝናብ። መብራት የለም።

አሮጌው ሳሙና ከመድረቁ የተነሳ ያለ ሙቅ ውሃ አረፋ አያወጣም። ጋዙ ደግሞ እያለቀ ነው። ጋዝ ሲገባ።

ኅዳር 12

ጋዝ ገባ። ሻጩ ሲሊንደሩን ደረጃ አውጥቶ አስገባልኝ። ትንፋሹ እስኪመለስ ቆመና፣ «አላህ ያጽናሽ። ባልሽ ሁልጊዜ ሰላምታ ይሰጠኝ ነበር» አለኝ። ከሹክሪ ሞት ወዲህ ሰው እዚህ በር ላይ ይህን ያህል ጊዜ ቆሞ አላወራኝም።

ኅዳር 16

ልብስ ላሰጣ ሰገነት ላይ ወጥቼ ኡም ፊራስንና የጎረቤታችንን ድምፅ ሰማሁ። ግቢ ሆነው ስፒናች ያጥባሉ።

«ለማን ነው እንዲህ የምትታጠበው? ሰው አይመጣባት፣ ሰው ጋ አትሄድ!»

«ለመላእክት ነዋ።»

ሳቁ።

«የባሏ አፈር ሳይደርቅ፣ ደረጃው ሁሉ የሙሽራ ቤት መሰለ። ያ ጋዝ ሻጭ ደግሞ እሷ በር ሲደርስ ይዘፍናል።»

«እሱ የት በር ላይ የማይዘፍነው?»

«እኔ በር ላይ አይዘፍንም!»

«ታዲያ የተናደድሽው ለዚህ ነው በይኛ!»

እንደገና ሳቁ፤ ኡም ፊራስም ሳትወድ ሳቀች። ጋዝ ሻጩ ስድሳ አልፎታል። የቀሩት ጥርሶች የፊተኞቹ ሁለት ብቻ ናቸው። ይህን ወርጄ ልነግራቸው አሰብኩ። ልብሱን እርጥቡን ይዤ ገባሁ። ወጥ ቤት ውስጥ አሰጣሁት።

ኅዳር 25

የኡም ፊራስ ልጅ የፊራስ እጮኛ እናት ልታጽናናኝ መጣች። ስትመጣ ይሄ ሦስተኛ ጊዜዋ ነው። ጥሩ ሴት ናት። ኡም ፊራስ አብራት ወጣች።

ፀሐይ በየትኛው መስኮት እንደምትገባ ጠየቀችኝ። በምሥራቁ አልኳት። ተነስታ ሄዳ መስኮቱን በስንዝር ለካችው፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ስትመለስ፣ «መጋረጃ እወዳለሁ፤ የሰው ቤት ገብቼ መስኮት ሳልለካ መውጣት አልችልም» አለችና ሳቀች። ሰው ብዙ ዓይነት አመል አለው።

ከዚያ ትራሱን ደገፍ ብላ አየር ሳበች።

«ቤትሽ ሲያውድ! ደስ ይላል።»

ኡም ፊራስ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። በዚህ ቤት እስከኖርኩ ድረስ ማንም እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። የእንግዳዋ ሻይ ላይ ተሳስቼ ሁለተኛ ጊዜ ስኳር ጨመርኩበት። ጠጣችው።

ታኅሣሥ 2

ኡም ፊራስ የሹክሪን የሱፍ ካፖርት ለባሏ ልትወስድ መጣች። ውሰጂ አልኳት። ላወጣላት ስነሳ እሷ ቁምሳጥኑን ከፍታለች። ካፖርቱን ስትስበው ጋዜጣው አብሮ ወደቀ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ሳሙና።»

«አሮጌው ፋኖስ!» መስኮቱ ጋ ወስዳ አገላበጠችው። «ማኅተሙ አልተነካም። የፋኖሱ እጀታ እንኳ አልሟሸሸም። ይሄ ውሃ አይቶ አያውቅም!»

«አንድ ብቻ ስለሆነ ላቆየው ብዬ ነው።»

«ላቆየው? ሰው አጣሁ ብሎ በየሱቁ ሲለምን፣ አንቺ እዚህ ከልብስ ሥር ቀብረሽ በጽጌረዳ ትታጠቢያለሽ?»

«ልጀምረው ነበር።»

«መቼ? በሠርግሽ ማግስት?»

«ኡም ፊራስ…»

«እኔ ደግሞ ሰው ሲያማሽ ‹ሳሙና አጥታ ነው› እያልኩ አፍ እይዛለሁ! ወንድማችን ይህን ሁሉ ዓመት አስቀምጦሽ፣ ልጅ እንኳ ሳትሰጪው ክፉ ሳይናገርሽ፣ አራት ወር ከበደሽ?»

ካፖርቱን በአንድ እጇ፣ ሳሙናውን በሌላ እጇ ይዛ ወረደች። ደረጃውን እየወረደች ከራሷ ጋር ታወራለች። ታች በሩ ተዘጋ፤ ከዚያ የባሏ ድምፅ።

ማታ

እጀምረዋለሁ ብዬ ያልጀመርኩት ለምንድን ነው? ይህን መመለስ ያቅተኛል ብዬ አላስብም። ልቆጥበው ብዬ ነው። አንድ ነበር። ሰው ያለችውን አንድ ነገር ይቆጥባል።

እሷ ፊት ይህን በደንብ ብናገር ኖሮ ታምነኝ ነበር። ሁልጊዜ ቃሉ የሚመጣልኝ ሰው ከሄደ በኋላ ነው። ከሹክሪም ጋር እንዲሁ ነበርኩ።

ታኅሣሥ 3

አቡ ፊራስ፤ ደረጃው ላይ። ሳሙናው በእጁ።

«ኢንሳፍ፣ እኔ ክፉ አላስብም። ሰው ግን አፍ አለው።»

«ማን ነው ሰው?»

«ሰው ነዋ! የቀረውን ወንድምሽ ቤት ሄደሽ ብትጨርሺው ለሁላችንም ይሻላል።»

«ዒዳ እኮ በባል ቤት ነው።»

«በሥርዓቱ ለያዘችው።»

አሮጌውን ሳሙና ከፋብሪካው ፈልጌ አመጣለሁ፣ ኡም ፊራስ ራሷ መጥታ ትየው፣ ከዛሬ ጀምሮ ሌላ ነገር አይነካኝም አልኩት። ድምፄ እንደ ተማሪ ሆነብኝ። ሳሙናውን በእጁ አገላበጠው።

«አምጪና እናያለን።»

ሐጅ ዋጂህ የሰጠኝን አልመለሰልኝም። ኪሱ ውስጥ ከቶት ወረደ።

ታኅሣሥ 5

ድንበር ማዶ ኢርቢድ ለሚኖረው ወንድሜ ለዙሄር ደወልኩ። ነገሩን አሳጥሬ ነገርኩት።

«በሳሙና ነው የምትጣሉት?»

«በሳሙና።»

«እህቴ፣ ቤቴ ቤትሽ ነው፤ ታውቂያለሽ። አሁን ግን የሚስቴ እናት ከኛ ጋር ናት፤ ልጆቹም ሳሎን ነው የሚተኙት። ከበዓሉ በኋላ እንየው። አንቺም ደግሞ ትንሽ ታገሺያቸው፣ አደራ።»

ስለ አየሩ ጠየቀኝ። ዝናብ ነው አልኩት። እዚያም ዝናብ ነው።

ስልኩን ዘግቼ እጄን ታጠብኩ። በውሃ ብቻ። ፎጣው ግን አሁንም ይሸታል።

ማታ መጋረጃ ልዘጋ መስኮቱ ጋ ቆምኩ። የፊራስ እጮኛ እናት ይህን መስኮት በስንዝር የለካችው ኅዳር ውስጥ ነው። ሳሙናው የተገኘው ታኅሣሥ ነው። ቀኖቹን እዚህ ጽፌያቸዋለሁ፤ ገልብጬ አየሁ። ምናልባት አመሏ ይሆናል።

ታኅሣሥ 7

ፋኖስ ሳሙና ፋብሪካ፤ አግዳሚ ወንበር ላይ ሆኜ። ደብተሩን ይዤው ወጣሁ፣ ኡም ፊራስ የቤቱ ቁልፍ አላት።

ሰው ሞልቷል። ሁሉም አዲሱን ሳሙና ይዞ መጥቶ ጠረጴዛው ላይ ይቆልላል። ከጠረጴዛው በላይ አዲስ ሥዕል ተሰቅሏል፤ አንዲት ፈገግ ያለች ሴት ሳሙና ጉንጯ ላይ አስጠግታለች። አንድ ሽማግሌ ከዘራውን ወደ ሥዕሉ እያመለከተ ይጮሃል።

«እኔ ሰማንያ ዓመት ሙሉ ምንም ሳልሸት ኖሬያለሁ!»

«እሱን እንኳ ጎረቤቶችህ ይመስክሩ» አለ ከኋላ አንዱ።

ጸሐፊው ላቡን ይጠርጋል። ተራዬ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ከላይ ፎቅ ሳሙናው ተቆልሎ ከሚደርቅበት ጥግ ጥቂት አሮጌ ቀርቷል፣ ለሐጅና ለዒዳ ብቻ ነው አለኝ።

«ለየትኛው ነው?»

«ለዒዳ።»

«ለራስሽ?»

«ለአንዲት ሴት።»

ለምን እንደዚያ እንዳልኩ አላውቅም። ተቀመጪ ብሎኝ ወጣ። እየጠበቅኩት ነው።

አጠገቤ ጥልፍ ቀሚስ የለበሰች የገጠር ሴት ተቀምጣለች። ዘንቢሏ እግሯ መሃል ነው። የቤተሰቧ ዘይት ድሮም ለዚህ ፋብሪካ ነበር የሚሸጠው፤ «ዘይቴን ሰጥቻቸው አበባ አድርገው መለሱልኝ!» ትላለች ላየችው ሁሉ። ከጸሐፊው ጋር ስናወራ ሰምታናለች።

«ለእህትሽ ነው?»

«ለማውቃት ሴት።»

«ምስኪን። ልጅ ናት?»

«አይደለችም።»

«ታለቅሳለች?»

«አታለቅስም።»

ዞራ አየችኝ። «ታዲያ ሳሙናው ምን ያደርግላታል?» አለችኝ።

«ከቤቷ እንዳያስወጧት።»

«እነማን?»

«የባሏ ወንድም።»

ሳቀች። ክፉ ሳቅ አይደለም።

«ልጄ፣ ሳሙና ሰውን ቤቱ ቢያስቀምጥ እኔ ይሄን ሁሉ በአህያ ጭኜ እሄድ ነበር። ወንድሞቼ የአባቴን ወይራ ሲካፈሉ ጨዋ ሆኜ ጥግ ተቀመጥኩ። ‹እህታችን ጨዋ ናት› አሉ። ዛፍ ግን አልሰጡኝም። ዘንድሮ ከሰስኩ፤ አሁን ከዚያ ነው የመጣሁት። ሴትዮዋ ልጅ አላት?»

«የላትም።»

«ልጅ የሌላት ሚስት ከባሏ ውርስ አንድ አራተኛው የሷ ነው። ይሄን አታውቅም?»

«ታውቃለች።»

አውቃለሁ። ከትምህርት ቤት ጀምሮ አውቃለሁ። መጠየቁ ነው ነውር የመሰለኝ። ሰው በሞተበት ቤት ቆሞ የኔ ስጡኝ ማለት ባሏን ያልወደደች ሴት አነጋገር ይመስለኝ ነበር።

«እንግዲያ ንገሪያት፤ ፍርድ ቤቱ እዚሁ ከገበያው በላይ ነው። እስከ ቀትር ነው የሚሠሩት። ነገ ዓርብ ነው፣ ዝግ ነው።»

ጸሐፊው ከላይ እየተጣራ ነው። «እሜቴ! አራት ፍሬ ተገኘ፣ ንጹሕ፣ ምንም የማይሸት! ወረቀት ልፈልግ ብቻ!» ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ሽማግሌው «አራት! ለኔም!» እያለ በከዘራው መንገድ ያስለቅቃል።

ተነሳሁ።

«ሳሙናው እኮ ደረሰ» አለችኝ ሴትዮዋ።

«ለሽማግሌው ይስጡት።»

አሁን በሩ ላይ ቆሜ ነው የምጽፈው። ዝናቡ አላባራም። ጃንጥላዬን አግዳሚው ላይ ረስቼዋለሁ፤ አልመለስም። አሁን ከሄድኩ ፍርድ ቤቱ ሳይዘጋ እደርሳለሁ።